መቁጠሪያና ወንጌል፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የመቁጠሪያ (ፍሬ እየቆጠሩ «ጸጋ የሞላሽ»ን የሚደግሙበት የካቶሊካውያን ጸሎት) ወር የሚባለው ኦክቶበር (በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ጥቅምት 21) ሲቃረብ ስለዚህ ጸሎት የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። በዚህ እትም የመረጥናቸው መቁጠሪያን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አያይዞ ስለ መጸለይ የሚጠይቁትን ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ንባቡ ጸሎቱን ሊያግዘው ይገባል፤ ከዋጠው ግን ከልክ አልፏል። ጥቂት ቁጥር ይነበብ፣ በቂ ዝምታ ይኑር።

ጥያቄ፦ መቁጠሪያ መድገም ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። አሁን አሁን ግን አፌ ጸሎቱን ይላል፣ ልቤ ገበያ ይውላል። ሦስተኛው ምስጢር ላይ ስደርስ ሁለተኛው ምን እንደነበር ይጠፋኛል። ከወንጌል ጋር ጸልዩት ሲባል እሰማለሁ። ግን መቼ ነው የሚነበበው? ስንት ቁጥር? መቁጠሪያውን ይዤ ነው ወይስ አስቀምጬ?
*አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ እናታችን፣ የንባቡ ቦታ ምስጢሩ (ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት የሚሰላሰለው ክፍል) ከተጠራ በኋላ፣ «አባታችን ሆይ» ከመባሉ በፊት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2002 ስለ መቁጠሪያ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጠውታል። ምስጢሩ ይጠራል፣ የሚስማማው የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ይነበባል፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል፤ ከዚያ «አባታችን ሆይ» አንድ ጊዜ፣ «ጸጋ የሞላሽ» ዐሥር ጊዜ፣ «ስብሐት ለአብ» አንድ ጊዜ ይደገማል። አምስቱን የብርሃን ምስጢራት የጨመሩትም በዚሁ መልእክት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የዕለቱን አምስት ንባቦች ፈልገው በመጽሐፍ ቅዱስዎ ገጾች መካከል አምስት ቁራጭ ወረቀት ያስገቡ። በጸሎቱ መሐል ገጽ ማገላበጥ ሐሳብን ከሚበትኑት ነገሮች ዋነኛው ነው። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ የብርሃን ምስጢራት ይደገማሉ። እንደሚያውቁት በመስቀሉ አማትበው ጸሎተ ሃይማኖትን፣ በመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ «አባታችን ሆይ»ን፣ በሦስቱ ትናንሽ ፍሬዎች ስለ እምነት፣ ስለ ተስፋና ስለ ፍቅር «ጸጋ የሞላሽ»ን፣ ከዚያም «ስብሐት ለአብ»ን ይላሉ። እስከዚህ ድረስ መጽሐፍ አይከፈትም።

መቁጠሪያውን አያስቀምጡት። የምስጢሩን ስም ከጠሩ በኋላ ጣትዎን «አባታችን ሆይ» በሚባልበት ፍሬ ላይ አሳርፈው ያንብቡ፤ እጅዎ ቦታውን ስለያዘልዎ «የት ደርሼ ነበር?» እያሉ አይቸገሩም። ከአራት እስከ ስምንት ቁጥር ይበቃል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ብቻውን 80 ቁጥር አለው። ምዕራፉን ሙሉ ለማንበብ የሚነሣ ሰው «ጸጋ የሞላሽ» ላይ ሳይደርስ ይደክማል፤ በሁለተኛው ቀን ንባቡን ይተወዋል። ብቻዎን ቢሆኑም ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ ጆሮዎም ይስማው።

ካነበቡ በኋላ ሦስት ጊዜ በረጅሙ እስኪተነፍሱ ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ያለ እሱ ግን ንባቡ እንደ ማስታወቂያ ተሰምቶ ያልፋል። በዝምታው ውስጥ ከንባቡ አንድ ሐረግ ይምረጡ። ሐሙስ ቀን ሁለተኛውን የብርሃን ምስጢር፣ የቃናን ሠርግ (ዮሐንስ 2፥1-11) አንብበዋል እንበል። «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» የሚለው የእመቤታችን ቃል አለ፤ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» የሚለውም አለ፤ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖችም አሉ። ሦስቱንም ልያዝ ካሉ አንዱም አይቀርልዎትም። ለዛሬ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ»ን ብቻ ይያዙ፣ ዐሥሩንም «ጸጋ የሞላሽ» ከእርሱ ጋር ይደግሙ። ጋኖቹ ለሚመጣው ሐሙስ ይቆያሉ።

ስድስተኛው ፍሬ ላይ ልብዎ እንደገና ገበያ ቢወርድስ? ከመጀመሪያው አይጀምሩ። እንደገና መጀመር የለመደ ሰው ጸሎቱን በፍርሃት መድገም ይጀምራል፤ አንዱ ምስጢር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ያቺን አንዲት ሐረግ በልብዎ አንድ ጊዜ ይበሉና ከደረሱበት ፍሬ ይቀጥሉ። ያስጨነቀዎት ነገር የልጅዎ ሕመም ወይም የቤት ኪራይ ከሆነም አያባርሩት፤ የሚቀጥለውን «ለምኚልን» ስለ እርሱ ይበሉት።

ጥያቄ፦ በቁምስናችን የወጣቶች ማኅበር በየፍሬው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር እያነበብን መቁጠሪያ መድገም ጀመርን። መጀመሪያ ሁሉም ወደደው። አሁን ግን ጸሎቱ 50 ደቂቃ ይፈጃል፣ አራተኛው ምስጢር ላይ ሰው መውጣት ይጀምራል። ምን እናድርግ?
*የማኅበሩ አስተባባሪ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ወንድማችን፣ በየፍሬው ቃል መጨመር አዲስ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር በትሪየር ከተማ የነበረው የካርቱሲያን መነኩሴ፣ የፕሩሲያው ዶሚኒክ፣ ለ50ው «ጸጋ የሞላሽ» ከጌታ ሕይወት የተወሰዱ 50 አጫጭር ሐረጎችን አዘጋጅቶ ነበር። ልብ በሉ፣ የእርሱ አጫጭር ሐረጎች ናቸው። የእናንተ ችግር የቁጥሮቹ ርዝመት ይመስለናል።

ሒሳቡን ተመልከቱት። በተረጋጋ ፍጥነት ያለ ንባብ የሚደገም መቁጠሪያ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 50 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በ10 ሰከንድ ቢነበቡና ከእያንዳንዳቸው በኋላ የ5 ሰከንድ ዝምታ ቢኖር 12 ደቂቃ ተኩል ይጨመራል። ስለዚህ ከ35 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ካለፈ ወይ ቁጥሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ወይ አንባቢው በየመሐሉ ማብራሪያ ይጨምራል፣ ወይ ደግሞ ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጊዜ ይባክናል።

ቁጥሮች እንዴት እንደሚመረጡ በመጀመሪያው የደስታ ምስጢር እናሳያችሁ፤ ሉቃስ 1 ለዚህ የተሠራ ያህል ይመቻል። ለመጀመሪያው ፍሬ ቁጥር 26 እና 27 አንድ ላይ፦ መልአኩ ገብርኤል ወደ ናዝሬት ተላከ። ለሁለተኛው 28፦ «ደስ ይበልሽ፥ ጸጋ የሞላብሽ ሆይ፥ ጌታ ከአንቺ ጋር ነው»። ለሦስተኛው 29፦ ድንጋጤዋ። ለአራተኛው 30፦ «አትፍሪ»። ለአምስተኛው 31፦ «ስሙንም ኢየሱስ ትዪዋለሽ»። ለስድስተኛው 32፣ ለሰባተኛው 33፦ የዳዊት ዙፋንና መጨረሻ የሌለው መንግሥት። ለስምንተኛው 34፦ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ለዘጠነኛው 35፦ «መንፈስ ቅዱስ በአንቺ ላይ ይመጣል»። ለዐሥረኛው 38፦ «እነሆኝ የጌታ ባሪያ፤ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ»። ቁጥር 36 እና 37 ስለ ኤልሳቤጥ ስለሚናገሩ ለሁለተኛው ምስጢር መግቢያ አቆዩአቸው። እንዲህ ሲደረደር ጸሎተኛው እመቤታችንን ከድንጋጤ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ እሺታ ይከተላታል። ከአራት መጻሕፍት የተለቃቀሙ ዐሥር ቁጥሮች ግን፣ እያንዳንዳቸው ግሩም ቢሆኑም፣ ልብን ወዲያና ወዲህ ያንከራትቱታል።

አንባቢና መሪ ይለዩ። አንባቢው በአንድ ምሽት አንድ ሰው ይሁን፤ ቁጥሩን ብቻ ያንብብ፤ «የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 29» እያለ በየፍሬው አይጥራ። የሚነበቡት 50 ቁጥሮች በትልቅ ፊደል በወረቀት ታትመው በእጁ ይሁኑ። ከስልክ ማንበብ የሚመች ቢመስልም መልእክት ሲገባ አንባቢው ይደናገራል፤ ብርሃኑም የጎረቤቱን ዓይን ይወስዳል። መሪው «ኢየሱስ የተባረከ ነው» እስኪል ሕዝቡ ይጠብቅ፤ ሕዝቡም «በሞታችንም ጊዜ ለምኚልን፣ አሜን» ብሎ ሳይጨርስ አንባቢው አይጀምር። መቁጠሪያን በማኅበር የሚያበላሸው መሻማት ነው፤ መሪው ሲቸኩል ሕዝቡ ይቸኩላል፣ ከዚያ ማንም ማንንም አይሰማም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ በየፍሬው አንብቡ። በሌሎቹ ቀናት በየምስጢሩ አንድ ንባብ ይብቃችሁ። ሌላም አማራጭ አለ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ያሉ ካቶሊካውያን ከኢየሱስ ስም ጋር የምስጢሩን አጭር ሐረግ አያይዘው ይደግማሉ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም ይህን ልማድ አመስግነውታል። በአማርኛ «ከመንፈስ ቅዱስ የፀነስሽው የማሕፀንሽ ፍሬ ኢየሱስ የተባረከ ነው»፣ በሁለተኛው ምስጢር «ወደ ኤልሳቤጥ የወሰድሽው»፣ በሦስተኛው «በቤተልሔም የወለድሽው»፣ በአራተኛው «በመቅደስ ያቀረብሽው»፣ በአምስተኛው «በመቅደስ ያገኘሽው» ማለት ይቻላል። ጊዜ አይጨምርም፣ ወረቀት አይፈልግም፣ የደከመው ሰው እንኳ የትኛው ምስጢር ላይ እንዳለ አይጠፋውም። በማኅበር ከመጀመራችሁ በፊት ቆሞሳችሁን አማክሩና ሁሉም አንድ ዓይነት ሐረግ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ለአንዳንዶቹ ምስጢራት ንባብ ማግኘት አቃተኝ። ስለ ጌታችን መገረፍ ወንጌሉ ምንም አይልም ማለት ይቻላል። ስለ እመቤታችን ፍልሰትና ንግሥናስ ምን ይነበባል?
*የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ከእምድብር*

መልስ፦ ወንጌላውያን ስለ ግርፋቱ የጻፉት በእርግጥ አጭር ነው። ዮሐንስ 19፥1 «ጲላጦስ ኢየሱስን ይዞ ገረፈው» ብሎ ያልፋል፤ ማርቆስ 15፥15ም እንዲሁ። አንዳንዶች ይህን ክፍተት ለመሙላት የግርፋቱን ብዛትና የደሙን መጠን የሚዘረዝሩ ጽሑፎችን ያነባሉ። አንመክርም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ክፍተቱን በነቢያት ሞልቶታል። መጀመሪያ የዮሐንስን አንድ ቁጥር ያንብቡ፣ ቀጥለው ኢሳይያስ 50፥6ን («ጀርባዬን ለገራፊዎች… ሰጠሁ») ወይም 53፥4-5ን («በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን»)። ይህንኑ ቃል ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ 2፥24 መልሶ ያነሣዋል። ሦስቱን በተከታታይ ቢያስነብቡ ተማሪዎችዎ ነቢዩ፣ ወንጌላዊውና ሐዋርያው እንዴት እንደሚገናኙ በጆሮአቸው ይሰማሉ።

የአራተኛውና የአምስተኛው የክብር ምስጢራት ነገር የተለየ ነው። ፍልሰቷን በቀጥታ የሚተርክ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የለም። ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ጠብቃ ይዛው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1950 የእምነት አንቀጽ አድርገው አውጀውታል። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ «ይህ ንባብ ታሪኩን ይነግረናል» አይበሉ፤ «ይህ ንባብ ትርጉሙን ያበራልናል» ይበሉ። ለፍልሰት 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20-23 ይስማማል፤ ክርስቶስ በኩር ሆኖ ተነሥቷል፣ የእርሱ የሆኑትም ይከተሉታል። ሉቃስ 1፥46-49ም ይሆናል። ለንግሥናዋ ራእይ 12፥1 አለ፤ ፀሐይን የተጐናጸፈች፣ የዐሥራ ሁለት ከዋክብት አክሊል በራሷ ላይ ያላት ሴት። ከሁሉ ይልቅ ግን በግእዝ ሥርዓት ያላችሁ ከልጅነት ጀምሮ የምታውቁት የዳዊት ቃል አለላችሁ፦ «ወትቀውም ንግሥት በየማንከ»። በዳዊት መዝሙር 44፥9 ላይ ነው፤ የዕብራይስጡን አቆጣጠር በተከተሉ እትሞች መዝሙር 45 ይሆናል። ገጹ ጠፋብኝ የሚሉ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ስለ እትም ካነሣን አይቀር፣ አንዳንድ የንባብ ዝርዝሮች ለእነዚህ ሁለት ምስጢራት ዮዲት 13ን እና 15ን ይጠቅሳሉ። በእጅዎ ያለው ባለ 66 መጽሐፍ እትም ከሆነ ዮዲትን አያገኙትም። ተማሪዎች እንዳይደናገሩ አስቀድመው ይዩ።

ጥያቄ፦ በሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። መቁጠሪያዬን አውጥቼ መጸለይ አልችልም፣ መጽሐፍ ቅዱስም በግልጽ መያዝ አይመቸኝም። በተከታታይ ከ10 ደቂቃ በላይ የራሴ ጊዜ የለኝም። ጸሎቴ ጎዶሎ ይሆናል?
*አንዲት እኅት፣ ከኩዌት*

መልስ፦ እኅታችን፣ ጎዶሎ አይሆንም። ዐሥር ጣት አለሽ፤ ለአንድ ምስጢር ዐሥር «ጸጋ የሞላሽ» ነው የሚያስፈልገው። ከቀኝ እጅሽ አውራ ጣት ጀምረሽ በግራ እጅሽ ትንሽ ጣት ብትጨርሺ ማንም ሳያይሽ ትቆጥሪያለሽ። አንድ ምስጢር ከንባቡ ጋር 5 ደቂቃ አይሞላም። አምስቱን በቀኑ ውስጥ መከፋፈል ይቻላል፤ አንዱን ስትነሺ፣ አንዱን ስታጥቢ፣ አንዱን ስትተኚ። ሙሉ ሥርየት (ይቅር ከተባለ ኃጢአት የሚቀረውን ቅጣት ቤተ ክርስቲያን የምታነሣበትን ጸጋ) ለማግኘት አምስቱ ሳይቋረጡ መደገም አለባቸው፤ ለዕለት ጸሎትሽ ግን ይህ አያስጨንቅሽ።

ለንባቡ፣ በሳምንት አምስት አጫጭር ቁጥሮች በቃልሽ ያዢ። ሰኞን ብትወስጂ፦ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» (ሉቃስ 1፥38)፤ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» (1፥46)፤ በግርግም የተኛው ሕፃን (2፥7)፤ ስምዖን ለእመቤታችን የነገራት ሰይፍ (2፥35)፤ እናቱ ይህን ሁሉ በልቧ መጠበቋ (2፥51)። የመጨረሻው አንቺን በተለይ ይመለከትሻል፤ እመቤታችን መጽሐፍ ሳትዘረጋ በልቧ ይዛ ታሰላስል ነበር። እንቅልፍ ከወሰደሽም የቀረውን ጠዋት ጨርሺው፤ እንደ ዕዳ አትቁጠሪው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን ማቴዎስ 6፥7ን እየጠቀሰ መቁጠሪያችሁ ይህንኑ ይቃወማል ይለኛል። ምን ልመልስለት?
*አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ*

መልስ፦ ቁጥሩን እስከ ዳር አብራችሁ አንብቡት። ጌታ የሚነቅፈው «በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ» የሚመስላቸውን ነው፤ ቃል በማብዛት እግዚአብሔርን ማስገደድ የሚፈልጉትን። ራሱ ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል (ማቴዎስ 26፥44)። መዝሙር 136 (በዳዊት 135) በ26ቱም ቁጥሮች «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ቀጥሎም የ«ጸጋ የሞላሽ»ን የመጀመሪያ ክፍል ያሳዩት፤ የመልአኩ ሰላምታ ሉቃስ 1፥28 ነው፣ የኤልሳቤጥ ቃል 1፥42።

ይሁን እንጂ የባልደረባዎ ወቀሳ ለእኛም ይጠቅመናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ እመቤታችን ክብር በጻፉት መልእክት ማሰላሰል የሌለው መቁጠሪያ ነፍስ እንደሌለው ሥጋ ነው ብለዋል፤ በከንቱ የመድገም አደጋ እንዳለውም በዚያው አስጠንቅቀዋል። አምስቱን ምስጢራት በ8 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ባልደረባዎን ማሳመን አይችልም። ከክርክሩ ይልቅ አንድ ቀን ሉቃስ 2፥1-20ን አብረው አንብበው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደግሙ ቢያሰሙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ባለ 64 ፍሬ መቁጠሪያቸውን ትተውልኛል። በእርሱ የእኛን መቁጠሪያ መድገም እችላለሁ? ውዳሴ ማርያምንስ ከመቁጠሪያ ጋር ላጣምረው?
*አንባቢ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ይችላሉ። የእኛ መቁጠሪያ 59 ፍሬ አለው፤ 53ቱ ለ«ጸጋ የሞላሽ»፣ 6ቱ ለ«አባታችን ሆይ»። የአያትዎ ላይ 5 ይተርፋል። ከመስቀሉ ወይም ከቋጠሮው ጀምረው ይቁጠሩና 1ኛ፣ 5ኛ፣ 16ኛ፣ 27ኛ፣ 38ኛ እና 49ኛ ፍሬዎች አጠገብ ቀጭን ቀለም ያለው ክር ይሰሩ። እነዚህ የ«አባታችን ሆይ» ቦታዎች ናቸው፤ ንባቡንም ጣትዎን በእነርሱ ላይ አሳርፈው ያነባሉ፤ ከመጀመሪያው በቀር፣ እርሱ የመግቢያው ነው። በ59ኛው ፍሬ አምስተኛው ምስጢር ያበቃል። በተረፉት አምስት ላይ ስለ አያትዎ ነፍስ ቢጸልዩ መልካም ነው። ክሩ በቀላሉ ስለሚፈታ መቁጠሪያው አይጎዳም።

ውዳሴ ማርያም የየዕለት ክፍል ያለው፣ ራሱን የቻለ ጸሎት ነው፤ በምስጢራቱ መሐል አያስገቡት። ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ፣ ማታ መቁጠሪያውን ቢያደርጉ ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ። በአንድ ጊዜ የግድ ከሆነብዎ ውዳሴውን ያስቀድሙ፣ ትንሽ ዝም ይበሉ፣ ከዚያ በመስቀሉ አማትበው መቁጠሪያውን ይጀምሩ።